የአሞኒያ ቦሬንን አተላ ወደ ነዳጅ መመለስ፦ ከሂሳቡ እስከ ማረጋገጫው

ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ያደገ ሰው አተላን ያውቃል። ጠላው ተቀድቶ ያልቃል፣ ከጋኑ ሥር ወፍራሙ ይቀራል። ከብት ይጠጣዋል እንጂ አተላን መልሶ ጠላ ላድርግ ብሎ የሚነሳ የለም። የዛሬው ሥራችን ግን ይኸው ነው።

ጠላው አሞኒያ ቦሬን ነው። ነጭ ጠጣር ነገር ነው፤ በክፍል ሙቀት፣ ደረቅ ቦታ ላይ፣ አርፎ ይቀመጣል። አንድ ቦሮንና አንድ ናይትሮጅን ተያይዘው፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ሃይድሮጅን ተሸክመዋል። ከክብደቱ 19.6 በመቶው ሃይድሮጅን ነው። ሃይድሮጅንን በጋዝነቱ መኪና ላይ ለመጫን እስከ 700 ባር መጠቅጠቅ እንደሚያስፈልግ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም። ዱቄቱን ሞቅ ስታደርጉት ሃይድሮጅኑን ይለቃል። ጋዙ ወደ ፊውል ሴል ይሄዳል፣ ኤሌክትሪክ ይሆናል። የሚቀረው ጠጣር ነው አተላው።

ሼልደን ሾር እና ሮበርት ፓሪ እ.ኤ.አ. በ1955 ስለዚህ ነገር ሲያሳትሙ ነዳጅ እየፈለጉ አልነበረም። ዳይቦሬን ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጨው ምን ዓይነት አሠራር እንዳለው ለማወቅ ሲታገሉ ነበር። የነዳጁ ጉዳይ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ሎስ አላሞስንና ፓሲፊክ ኖርዝዌስት የተባሉትን ብሔራዊ ላቦራቶሪዎች ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር አቀናጅቶ አሠራቸው። ሃይድሮጅኑን ማስለቀቅ ብዙም አላስቸገረም። ዋናው ራስ ምታት መመለሱ ነበር።

ይህ መመሪያ የኬሚስትሪ መሠረት ላለው፣ በተለይ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። ከፊሉ በወረቀትና በእስክሪብቶ የሚሠራ ነው፤ እሱን ማንም ሊከተለው ይችላል። ከፊሉ ግን ሃይድራዚን (ሮኬት የሚነዳ መርዛማ ፈሳሽ) እና ፈሳሽ አሞኒያ አለበት። እሱ ግፊት የሚችል ዕቃ፣ ፊውም ሁድ (መርዛማ ተን ስቦ የሚያወጣ የላቦራቶሪ ሣጥን) እና የለመደ ሰው በሌለበት ቦታ አይሞከርም። ጓሮ ውስጥ የሚሠራ ነገር አይደለም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ለምን ዝም ብለን አንነፋበትም?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። ጎማ ሲተነፍስ አየር ይነፋበታል። አተላውንስ ለምን በሃይድሮጅን ጋዝ አንነፋውም?

እንደ ማግኒዥየም ሃይድራይድ ያሉት ይነፋሉ። ማግኒዥየም ሃይድራይድ ሃይድሮጅኑን ለመልቀቅ ሙቀት ይፈልጋል፤ በአንድ ሞል ሃይድሮጅን 75 ኪሎጁል አካባቢ። ሲለቅ ዳገት ስለሚወጣ፣ ሲመለስ ቁልቁለት ነው። አሞኒያ ቦሬን ግልባጩ ነው። ሃይድሮጅን ጋዝ ሁለት ሁለት ሆኖ ስለሚወጣ ስድስቱ በሦስት ጥንድ ይወጣሉ፤ ከእንግዲህ የመጀመሪያው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ሃይድሮጅን ስል ጥንዱን ነው። የመጀመሪያውን ሃይድሮጅን ሲለቅ ራሱ ሙቀት ያወጣል፣ በአንድ ሞል 21 ኪሎጁል ገደማ። በዚያ ላይ ደግሞ ጠጣር ነገር ጋዝ ሲያወጣ ተፈጥሮ ራሷ ትደግፈዋለች። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲገፉ ሲወርድ ቁልቁለት ነው፣ ሲመለስ ገደል። የፈለጋችሁትን ያህል ግፊት ብትጨምሩ ፋይዳ የለውም።

ስለዚህ ሃይድሮጅኑ መኪናው ላይ እንዳለ አይሞላም። አተላው ወርዶ ወደ ፋብሪካ ሄዶ በኬሚካል መንገድ ይታደሳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙ፤ የቀረው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚቆመው። አሞኒያ ቦሬን ላይ ያሉት ሃይድሮጅኖች አንድ ዓይነት አይደሉም። ናይትሮጅኑ ላይ ያሉት ወደ ፖዘቲቭ ያዘነብላሉ፤ ቦሮኑ ላይ ያሉት ወደ ኔጋቲቭ፣ ማለትም ሃይድራይድ ናቸው። ናይትሮጅኑን መልሶ ማልበስ ቀላል ነው፣ አሞኒያ ይበቃዋል። ከባዱ ቦሮኑ ላይ ሃይድራይድ መትከል ነው። የትኛውንም የእድሳት ዘዴ ስታነቡ «ለቦሮኑ ሃይድራይድ የሚሰጠው ማነው? የሰጪውስ ዋጋ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ አተላችሁን እወቁት

አተላ ሁሉ አንድ አይደለም። አሞኒያ ቦሬን በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሞቅ የመጀመሪያውን ሃይድሮጅን ይለቅና ረጅም ሰንሰለት ይሆናል። ወደ 150 ዲግሪ ስትጠጉ ሁለተኛው ይወጣል፤ ሰንሰለቱ ቀለበት እየሠራ፣ ቀለበቶቹም እየተያያዙ ፖሊቦራዚሊን ይባላል። ሦስተኛውን ለማውጣት ከፍተኛ ሙቀት ያስፈልጋል፤ መጨረሻው ቦሮን ናይትራይድ ነው። ቦሮን ናይትራይድ ማለት ብረት የሚቀልጥበት ምድጃ ውስጥ የሚገባ ሴራሚክ ነው። ከዚያ ወዲያ ምንም ኬሚካል በቀላሉ አይነካውም። ስለዚህ ሦስተኛውን ሃይድሮጅን አትመኙ። ስግብግብነት እዚህ ያስከፍላል።

ሃይድሮጅኑ በውሃ ከተለቀቀ ደግሞ አተላው ሌላ ነው። ሦስቱም ሃይድሮጅን በፍጥነት ይወጣሉ፣ ጥሩ ነው። ግን ቦሮኑ ኦክስጅን ይይዛል። ቦሮን ኦክስጅንን አንዴ ከያዘ ለማስለቀቅ ከናይትሮጅኑም ይብሳል። ቦሬት (ኦክስጅን የያዘ ቦሮን) ከሆነባችሁ ይህ መመሪያ የእናንተ አይደለም።

እዚህ የምንከተለው ፖሊቦራዚሊንን ነው። እንዴት ታውቁታላችሁ? በክብደት። 1 ግራም አሞኒያ ቦሬን አሞቃችሁ እንበል። ሁለት ሃይድሮጅን ሙሉ በሙሉ ከወጡ 0.13 ግራም ይጎድላል፤ 0.87 ይቀራል። ከዚያ በታች ከወረደ ወይ ከሁለት በላይ ሃይድሮጅን ወጥቷል፣ ወይ ቦራዚን የሚባለው ተናኝ ቀለበት ከጋዙ ጋር አምልጧል። ቦራዚን ካመለጠ ቦሮን አመለጠ ማለት ነው፤ ያ አይመለስም። በጋዙ መስመር ላይ በደንብ የቀዘቀዘ ወጥመድ ማስገባት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ቦራዚንና አሞኒያ ፊውል ሴሉንም ስለሚመርዙ፣ ወጥመዱ ሁለት ሥራ ይሠራል።

በነገራችን ላይ አሞኒያ ቦሬን ሲሞቅ አረፋ ይሠራል። መጀመሪያ የሠራሁት ጊዜ ቱቦውን እስከ ግማሽ ሞላሁት። ለጥቂት ደቂቃ ምንም የለም፣ እንደ ስኳር ጭጭ ብሎ ተቀምጧል። ከዚያ እንደ ወተት ገነፈለ። ቱቦውን አልፎ መስመሩን ዘጋው፣ ስፖንጅ የመሰለ ነጭ ነገር ከቫልቩ ውስጥ በሽቦ ስቆፍር አመሸሁ። ከአንድ አምስተኛ በላይ አትሙሉ።

ደረጃ 2፦ መንገድ ምረጡ

የቆርቆሮው መንገድ ይታወቃል። የሎስ አላሞስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ነው። አተላውን ሁለት ድኝ ባለው ቤንዚንዳይታዮል ይበትኑታል፤ ቦሮኑ ከናይትሮጅን ይላቀቅና ድኙን ይይዛል። ቦሮን ከድኝ ጋር ያለው ፍቅር ለዘብ ያለ ስለሆነ፣ ቆርቆሮ ሃይድራይድ መጥቶ ሃይድራይዱን ሊተክልበት ይችላል። ሐሳቡ ቆንጆ ነው። ችግሩ ክብደቱ ነው። ትራይቡቲልቲን ሃይድራይድ የሚባለው በአንድ ሞል 291 ግራም ይመዝናል፣ የሚሰጠው ሃይድራይድ ግን 1 ግራም ብቻ ነው። ኩንታል ተሸክሞ አንድ ጣሳ ጤፍ እንደ ማድረስ ነው። በዚያ ላይ መርዛማ ነው።

የሜታኖሉ መንገድ ደግሞ አለ። ራማቻንድራንና ጋጋሬ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳዩት ነው። አሞኒያ ቦሬን በሜታኖልና በካታሊስት (ሥራውን በሚያፋጥን ነገር) ሃይድሮጅኑን ይለቃል። የሚቀረውን ጨው ከአሞኒየም ክሎራይድና ከሊቲየም አልሙኒየም ሃይድራይድ ጋር በክፍል ሙቀት ሲቀላቅሉት ተመልሶ አሞኒያ ቦሬን ይሆናል። ለላቦራቶሪ እጅግ ምቹ ነው። ለፋብሪካ ግን ሊቲየም አልሙኒየም ሃይድራይድን እንደ ፍጆታ ዕቃ ማቃጠል በወርቅ እንጀራ እንደ መጋገር ነው።

በጠንካራ አሲድ፣ ማለትም በሃይድሮጅን ክሎራይድ ወይም ብሮማይድ ከአልሙኒየም ጨው ጋር፣ አተላውን ወደ ቦሮን ክሎራይድ ወይም ብሮማይድ የሚለውጡም አሉ። ዝገቱና ደረጃው ብዙ ነው፣ አልገባበትም።

እኔ የምመርጠው፣ ቢያንስ ለመማር፣ የሃይድራዚኑን ነው። ሎስ አላሞስና አላባማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡት ነው፤ የመጀመሪያው ደራሲ አንድሩ ሳተን ነው። ፖሊቦራዚሊኑ ከሃይድራዚን ጋር በፈሳሽ አሞኒያ ውስጥ፣ በተዘጋ ዕቃ፣ በ40 ዲግሪ፣ ለ24 ሰዓት። ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ አሞኒያ ቦሬን ይመለሳል። አንድ ዕቃ፣ አንድ እርምጃ። ከሃይድራዚኑ የሚተርፈው ናይትሮጅን ጋዝ ብቻ ነው፤ እሱም አየር ነው።

ደረጃ 3፦ መጀመሪያ በወረቀት

ዕቃ ሳትነኩ ሂሳቡን ሥሩ። ለቀላልነት ፖሊቦራዚሊኑን አንድ ቦሮን፣ አንድ ናይትሮጅንና ሁለት ሃይድሮጅን ብለን እንያዘው። ክብደቱ 26.83 ነው። እውነተኛው አተላ ሃይድሮጅኑ ከዚያ ትንሽ ያንሳል፤ ለዚህ ነው ሃይድራዚን ትንሽ ተረፍ አድርጎ መጨመር የሚያስፈልገው።

ሃይድራዚን ሁለት ናይትሮጅንና አራት ሃይድሮጅን ነው፣ ክብደቱ 32.05። አራቱን ሃይድሮጅን ለአተላው ይሰጣል፣ ሁለቱ ናይትሮጅን ተያይዘው ይወጣሉ። ሁለት ሲደመር አራት ስድስት። አሞኒያ ቦሬንም የሚፈልገው ስድስት ነው። ልኩ እንዲህ መግጠሙ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

1 ግራም አተላ ብትይዙ 0.0373 ሞል ነው። የሚያስፈልገው ሃይድራዚን 1.2 ግራም ነው። የሚወጣው አሞኒያ ቦሬን፣ ሁሉም ከተሳካ፣ 1.15 ግራም ነው። ይህን ቁጥር ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፣ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው፦ ግፊቱ። አሞኒያ በ40 ዲግሪ ብቻውን 15.5 ባር ገደማ ይገፋል። ናይትሮጅኑስ? 0.0373 ሞል ናይትሮጅን ከፈሳሹ በላይ ባለ 100 ሚሊ ሊትር ባዶ ቦታ ውስጥ በ40 ዲግሪ 9.7 ባር ይሆናል። ሲደመር 25 ባር። አሞኒያውን ብቻ አስቦ 20 ባር የሚችል ዕቃ የመረጠ ሰው ሌሊት ላይ ጉድ ይፈላበታል። አተላውን እጥፍ ካደረጋችሁና ዕቃውን ካልቀየራችሁ የናይትሮጅኑም ግፊት እጥፍ ነው። የዕቃው አቅም ካሰባችሁት ግፊት ብዙ እጥፍ ይሁን፤ የግፊት መልቀቂያም ይኑረው።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ፈሳሽ አሞኒያ ሲሞቅ ይሰፋል። በሚፈላበት በ33 ከዜሮ በታች 50 ሚሊ ሊትር የነበረው በ40 ዲግሪ 59 ይጠጋል። ዕቃውን እስከ አፉ በፈሳሽ የሞላ ሰው ለመስፋት ቦታ አልተወለትም። ፈሳሽ ደግሞ እንደ ጋዝ አይጨመቅም፣ ብረቱን ይቀድዳል። ከግማሽ በታች በቃ።

ደረጃ 4፦ ዕቃውን መምረጥና መጫን

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ሃይድራዚን ሮኬት የሚነዳ ነገር ነው። መርዛማ ነው፣ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚፈራ ነው፣ በቆዳም ይገባል። የሚቀጣጠል ተን የሚያወጣው በ38 ዲግሪ ነው፤ የእኛ ሥራ ደግሞ በ40 ነው። ዝገት ሲነካ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። መዳብም ያፈራርሰዋል። አሞኒያ በበኩሉ መዳብና ናስ ይበላል። ስለዚህ በመላው መስመር ላይ አንድም የናስ መጋጠሚያ፣ አንድም የመዳብ ማኅተም አይኑር። ከመጋዘን «ያው ነው» ተብሎ የሚሰጣችሁን ቢጫ መጋጠሚያ መልሱ። ያው አይደለም።

ንጹህ የማይዝግ ብረት፣ ውስጡ በቴፍሎን የተሸፈነ ቢሆን ደግ ነው። አጥባችሁ በምድጃ አድርቁት። ውሃ ካለ ቦሮኑ ኦክስጅን ይይዛል፣ የያዘው ቦሮን ጠፋ።

አተላውን ግላቭ ቦክስ (አየርና እርጥበት የማይገባበት ባለጓንት ሣጥን) ውስጥ በአጋቴ ሙቀጫ በደንብ ፍጩት። ፖሊቦራዚሊን በአሞኒያ ውስጥ ወዲያው አይሟሟም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። ጠጠር ጠጠር ካለ ውስጡ ሳይነካ 24 ሰዓቱ ያልፋል። የበርበሬ ዱቄት ያህል ሲልም በቂ ነው። መዝኑት፣ ወደ ዕቃው ክተቱት፣ ክደኑት፣ አውጡት።

ቀጥሎ ፊውም ሁድ ውስጥ ዕቃውን በደረቅ በረዶና በአልኮል አቀዝቅዙት። ውሃ የሌለበትን ሃይድራዚን በናይትሮጅን ሥር በስሪንጅ ጨምሩ፤ ቅዝቃዜው ስለሚያጋግረው አትደንግጡ፣ ሃይድራዚን በ2 ዲግሪ ይጠጥራል። ከዚያ አሞኒያውን ከሲሊንደሩ በደረቅ መስመር ልቀቁት፣ ቅዝቃዜው ላይ ሲደርስ ራሱ ፈሳሽ ይሆናል። መጠኑን በዓይን አትገምቱ። ሲሊንደሩን ወይም ዕቃውን ሚዛን ላይ አስቀምጡ፤ 50 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ አሞኒያ 34 ግራም ነው።

ቫልቩን ዝጉ።

ደረጃ 5፦ 24 ሰዓት

ዕቃው ቀስ ብሎ ወደ ክፍል ሙቀት ይምጣ። አትቸኩሉ። ከዚያ የውሃ መታጠቢያ ውስጥ 40 ዲግሪ ላይ አስቀምጡት፣ መከላከያ መስታወት ከፊቱ ይሁን። ማግኔት ካለው ያማስለው።

መለኪያውን በየሰዓቱ ጻፉ። ይህ ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም፤ ሥራው እየሄደ መሆኑን የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው። መጀመሪያ 15 ባር አካባቢ ይቆማል፣ ያ አሞኒያው ነው። ከዚያ በላይ የሚጨምረው ናይትሮጅን ነው። ግፊቱ ቀስ እያለ ወጥቶ ሲቆም ሃይድራዚኑ ሥራውን ጨርሷል። ምንም ካልጨመረ ወይ አተላው አልተፈጨም፣ ወይ ያፈሳል። በድንገት ከጨመረ ደግሞ አትጠጉት፤ ማሞቂያውን ከርቀት አጥፉ።

ለምን አሞኒያ ውስጥ? በሌላ አሟሚ፣ ለምሳሌ በቴትራሃይድሮፉራን ውስጥ ከተሠራ ሃይድራዚኑ ራሱ ቦሮኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሃይድራዚን ቦሬን ይባላል። አሞኒያው በብዛት ስላለ ቦታውን ይቀማዋል። አሟሚም ነው፣ ተካፋይም ነው።

ደረጃ 6፦ መክፈት

ብዙ ሰው ምርቱን የሚያጣው እዚህ ነው። ሞቅ እንዳለ ከፈቱት እንበል። አሞኒያው በአንድ ጊዜ ይፈላል፣ ዱቄቱን ይዞ በቱቦው ይወጣል። ምርቱ ግድግዳ ላይ ነው።

ዕቃውን መልሳችሁ በደረቅ በረዶ አቀዝቅዙ። አሞኒያው ሲተኛ ከላይ የሚቀረው ግፊት ናይትሮጅኑ ነው። እሱን በቀጭኑ ልቀቁት፣ አሲድ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አልፎ ይውጣ። ጠርሙሱ ያመለጠውን አሞኒያና ሃይድራዚን ይይዛል። በመካከሉ ባዶ ጠርሙስ ይቀመጥ፣ አለበለዚያ አሞኒያው በአሲዱ ሲዋጥ አሲዱን ወደ ምርታችሁ ይስበዋል። አሲድና አሞኒያ ቦሬን ከተገናኙ ሃይድሮጅኑ በአንድ ጊዜ ይወጣል።

ናይትሮጅኑ ሲያልቅ ዕቃውን ከቅዝቃዜው አውጡና አሞኒያው በራሱ ጊዜ ይነን። ሰዓታት ይፈጃል። ቡና አፍሉ፣ ግን ከበሩ ውጭ። መጨረሻ ላይ ነጭ ነገር ይቀራል። በቫኪዩም፣ ያለ ማሞቂያ፣ የተረፈውን ሃይድራዚን አውጡ፤ ተኑን የሚይዝ ቀዝቃዛ ወጥመድ ይኑር።

ደረጃ 7፦ ማጥራት

በደረቅ ቴትራሃይድሮፉራን አማስሉት። አሞኒያ ቦሬን በደንብ ይሟሟል። ያልተበላው አተላ አይሟሟም፣ ማጣሪያው ላይ ይቀራል። አሟሚውን በቫኪዩም ስታወጡት ነጭ ክሪስታል ታያላችሁ። ማጣሪያው ላይ የቀረውን አትጣሉት፤ መዝኑት። ለሚቀጥለው ዙር ይገባል።

ሃይድራዚን አብዝታችሁ ጨምራችሁ ከሆነ ወይም አሞኒያው ካነሰ ሃይድራዚን ቦሬን ሊኖር ይችላል። ሁለት ቦሮን በአንድ ሃይድራዚን ላይ የተሰካበት ዘመዱ ደግሞ በድንገት ሲሞቅ ይፈነዳል። ስለዚህ ምን እንደሆነ ሳታረጋግጡ ምርቱን ማሞቂያ ላይ እንዳትጥሉ።

ደረጃ 8፦ ማረጋገጥ

ነጭ ዱቄት ሁሉ አሞኒያ ቦሬን አይደለም። የቦሮን 11 ኤንኤምአር (ቦሮኑ ከምን ጋር እንደተያያዘ በማግኔት የሚያሳይ መለኪያ) አውጡ። አሞኒያ ቦሬን በፒፒኤም ከ22 እስከ 24 ከዜሮ በታች ባለው አካባቢ፣ አራት ጥርስ ያለው ምልክት ይሰጣል። አራት የሆነው ቦሮኑ ላይ ሦስት ሃይድሮጅን ስላሉ ነው፤ በጥርሶቹ መሃል ያለው ርቀት 95 ኸርዝ ገደማ ነው። ያልተለወጠ ፖሊቦራዚሊን ከ25 እስከ 31 ባለው፣ ከዜሮ በላይ፣ እንደ ጉብታ ይታያል።

ጉብታ ስል አንድ ሳምንት ያጠፋሁበትን ልንገራችሁ። ምርቴን ለካሁ፤ አራቱ ጥርስ አለ፣ ሥሩ ግን ሰፊ ኮረብታ። «አልተለወጠም» ብዬ ሥራውን ደገምኩ። ኮረብታው አለ። ለ48 ሰዓት ደገምኩ። አሁንም አለ። በመጨረሻ አንዲት ታላቅ ተማሪ «ባዶ ቱቦ ለክተሃል?» አለችኝ። ባዶውን ለካሁ። ኮረብታው አለ! የተለመደው የመስታወት ቱቦ ራሱ ቦሮን አለበት፤ የማየው ቱቦውን ነበር። የኳርትዝ ቱቦ ተጠቀሙ፤ ከሌለ ባዶውን ለክታችሁ ቀንሱ።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ርካሽ ነው፣ የትኛውም ላቦራቶሪ ይችለዋል። 0.1 ግራም ምርት ወስዳችሁ፣ በጣም ቀስ እያላችሁ፣ ቀጭን አሲድ ላይ ጨምሩና የሚወጣውን ሃይድሮጅን በተገለበጠ ምልክት ያለው ቱቦ ለኩ። በአሲድ ሦስቱም ሃይድሮጅን ይወጣሉ። ንጹህ ከሆነ በ25 ዲግሪና በባሕር ጠለል 238 ሚሊ ሊትር ነው። አዲስ አበባ ላይ ከሆናችሁ ግን አየሩ ስስ ነው፣ ከባሕር ጠለሉ ግፊት 76 በመቶ ገደማ። ያው ጋዝ 313 ሚሊ ሊትር ይሞላል። ይህን ያላሰበ ሰው «ምርቴ 130 በመቶ ነው» ብሎ ይደሰታል። የውሃውንም ተን ቀንሱ። ተርፎ የቀረ ሃይድራዚን በአሲድ ሃይድሮጅን አይሰጥም፤ ጨው ይሆናል። ስለዚህ ጋዙ ካነሰ አንዱ ጥርጣሬ እሱ ነው።

ያገኛችሁትን ለ1.15 ግራም አካፍሉ። ያ የእድሳት መጠናችሁ ነው።

ደረጃ 9፦ የዙሩ ሙሉ ሂሳብ

አሁን ኬሚስትሪው ሠርቷል። ያዋጣል ወይ?

5 ኪሎ ሃይድሮጅን የሚፈልግ መኪና እንውሰድ። ከአንድ አሞኒያ ቦሬን ሁለት ሃይድሮጅን ብቻ እናወጣለን ብለናል፤ ስለዚህ 38 ኪሎ አሞኒያ ቦሬን መጫን አለበት። መጥፎ አይደለም፣ ግማሽ ኩንታል አይሞላም። እሱን አተላ መልሶ ለማደስ የሚያስፈልገው ሃይድራዚን ግን 40 ኪሎ ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ሙሊት 40 ኪሎ የሮኬት ነዳጅ!

ያ ሃይድራዚን ከየት መጣ? ከአሞኒያ። አሞኒያው ደግሞ ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን። ለአንድ ሃይድራዚን ሁለት አሞኒያ ይገባል፤ ለሁለት አሞኒያ ሦስት ሃይድሮጅን ጋዝ። ከሦስቱ አንዱ በሃይድራዚን ፋብሪካው ውስጥ ውሃ ሆኖ ይወጣል። ለመኪናው የሚደርሱት ሁለቱ ናቸው። ማለትም 5 ኪሎ ለመንዳት ቢያንስ 7.5 ኪሎ ሃይድሮጅን መጀመሪያ ላይ ያስፈልጋል፤ የማሞቂያው፣ የማቀዝቀዣውና የመጭመቂያው ኃይል ገና ሳይቆጠር። የቆርቆሮው ዘዴ ችግሩ ክብደት ነበር። የዚህኛው ችግር የሃይድራዚኑ ዋጋ ነው። አሞኒያ ቦሬን እስካሁን መንገድ ላይ ያልወጣው ለዚህ ይመስለኛል።

ሂሳቡን ለማቅለል ከተነሱት መካከል የሺህ-ዩዋን ሊዩ ቡድን ይነሳል። ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ2011 ቦሮንና ናይትሮጅን ያለበት ባለ አምስት ማዕዘን የካርቦን ቀለበት ሠሩ። ፈሳሽ ነው፣ አየር አይፈራም፣ ከ80 ዲግሪ ሳያልፍ በርካሽ የብረት ክሎራይድ ሃይድሮጅኑን ይለቃል። አተላውም ፈሳሽ ስለሆነ በቧንቧ ይቀዳል፣ አረፋ አይሠራም። ሃይድሮጅኑ ግን 4.7 በመቶ ብቻ ነው። ሲታደስም መጀመሪያ ሜታኖል፣ ቀጥሎ ያው ሊቲየም አልሙኒየም ሃይድራይድ ይፈልጋል።

ደብተራችሁ ላይ ለእያንዳንዱ ዙር አምስት ቁጥር ጻፉ፦ የገባ አተላ፣ የገባ ሃይድራዚን፣ የተመለሰ አሞኒያ ቦሬን፣ ማጣሪያ ላይ የቀረ፣ እና በወጥመዱ የተያዘ ቦራዚን። የቦሮኑ ድምር ካልገጠመ የሆነ ቦታ ይፈሳል። መጀመሪያ የምፈትሸው የአሞኒያውን ድርቀት ነው። ከዚያ የክዳኑን ማሸጊያ ቀለበት።